ብስክሌት በሚኒባስ ጭኖ በቆጋ ቦይ ዳር የአንድ ቀን ጉዞ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በባሕር ዳር የሚኖሩ አንድ መምህር እንዲህ ይላሉ፦ «በአውሮፓ ሰዎች ብስክሌታቸውን ባቡር ላይ ጭነው ይሄዱና ቀኑን ሙሉ በውሃ ቦይ ዳር ሲነዱ ውለው፣ ማታ ከሌላ ጣቢያ ተሳፍረው ይመለሳሉ። ከ14 ዓመት ልጄ ጋር ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዞ ማድረግ እንችላለን? የእኔ ብስክሌት ማርሽ የሌለው ፎኒክስ ነው፤ የእሷ ባለ ማርሽ ማውንቴን። ቦዩስ የት ነው? ባቡሩስ በምን ይተካል?»

ይቻላል። ጎጃም ባቡር የለውም፤ በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ቦይ ግን አለዎት፤ ያውም ከቤትዎ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ዋና ቦይ ብቻውን 19.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ አብሮት የጥገና መንገድ ይሄዳል። ባቡሩን የሚተካው ሚኒባስ ነው።

በእነዚያ አገሮች ባቡሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ አድካሚውንና ለብስክሌት የማይመቸውን መንገድ ይወስድልዎታል። ሁለተኛ፣ ነድቶ ወደ ተነሡበት ቦታ የመመለስን ግዴታ ያስቀራል። በፈረንሳይ ከቱሉዝ ተነሥቶ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚወርደው፣ እ.ኤ.አ. በ1681 የተከፈተው ካናል ዱ ሚዲ 240 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የባቡር ሐዲዱ በካርካሶን አድርጎ እስከ ናርቦን ከቦዩ ብዙም ሳይርቅ ስለሚሄድ፣ የደከመው ሰው ቅርብ ያገኘው ጣቢያ ላይ ይሳፈራል። በእንግሊዝም ከሬዲንግ ተነሥቶ በባዝ አድርጎ ብሪስቶል የሚደርሰው የ140 ኪሎ ሜትር ቦይ በብዙ ቦታ ሐዲድ አይርቀውም። የእናንተ ጉዞ ላይ ይህን ሁሉ ሚኒባስ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የትኛውን መንገድ ለመኪናው፣ የትኛውን ለእግራችሁ እንደምትተዉ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ አስፋልቱን ሲሄዱም ሲመለሱም በመኪና፣ ጉልበታችሁን በሙሉ ለቦዩ። «ስንመለስ ቁልቁለት ነው፣ ብስክሌቱ ራሱ ባሕር ዳር ያደርሰናል» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። አይስሙት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም፣ መራዊ ደግሞ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። 200 ሜትር ለ35 ኪሎ ሜትር ሲከፋፈል በ100 ሜትር 60 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህ ቁልቁለት አይባልም። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ የብሱ ከሐይቁ ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ወደ ባሕር ዳር ሲነዱ ፊት ለፊት ያገኝዎታል። የቀኑን ድካም ተሸክማ፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበት መንገድ፣ ለምሽት በተቃረበ ሰዓት የ14 ዓመት ልጅ ነፋስ እየገፋች መንዳት የለባትም።

ወደ ቦዩ ልምጣ። አሠራሩን የተረዳ ሰው ካርታ ባይዝም አይጠፋም። የአውሮፓው ቦይ የተቆፈረው ለጀልባ ነው፤ የዳር መንገዱም ጀልባ የሚስቡ ፈረሶች ይሄዱበት የነበረ ነው። እዚያ ውሃው የተኛ ነው፤ ከፍታ መለወጥ ሲያስፈልግ ጀልባው በሮች ባሉት የውሃ ደረጃ ባንዴ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ቆጋ ላይ ውሃው ለእርሻ ስለሆነ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ግድቡ ከአፈር የተሠራ ነው፤ 21 ሜትር ከፍታና 1,730 ሜትር ርዝመት አለው፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ከግድቡ የሚወጣው ዋናው ቦይ በኮንክሪት የተለበጠ ነው። ከእሱ ወደ 12 የመስኖ ክፍሎች የሚያደርሱ ሁለተኛ ደረጃ ቦዮች ይገነጠላሉ፤ የእነዚህ ርዝመት ሲደመር 52 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከእነዚያም ሦስተኛ ደረጃ፣ ከዚያም እስከ ማሳው ትልም ድረስ እያነሰ ይሄዳል።

ለብስክሌተኛ ዋናው ነገር ይህ ነው። ዋናው ቦይ ከሥሩ ያለውን መሬት ሁሉ ማጠጣት ስላለበት ከፍታውን ሳይለቅ፣ የጉብታውን ጎን እየታከከ ይጠማዘዛል። ቁልቁለቱ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዙሪያው ወጣ ገባ ቢሆንም የዳር መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ማርሽ የሌለው ፎኒክስ ያለ ችግር ይሄድበታል። ሁለተኛ ደረጃዎቹ ቦዮች ግን ተዳፋቱን ይዘው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ውሃው አፈሩን እንዳይቦረቡረው በየመሐሉ ከኮንክሪት የተሠራ ደረጃ አላቸው፤ ውሃው እየተንደረደረ ሲወድቅ ያዩታል፣ ይሰሙታል። በእነሱ ዳር መውረድ ደስ ይላል፤ መልሶ መውጣቱ ግን ለእርስዎ ብስክሌት ፈተና ነው። ልጅዎ ማርሽ አላት፣ ትወጣለች፤ እርስዎ ግን ወርደው ይገፋሉ ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ከታች ወደ አስፋልቱ የሚያወጣ መንገድ መኖሩን አስቀድመው ካላረጋገጡ በቀር ከዋናው ቦይ አትውረዱ።

ሁለተኛው ጥቅም ውሃው ራሱ አቅጣጫ ጠቋሚ መሆኑ ነው። የት እንዳላችሁ ግራ ከገባችሁ ወደ ዋናው ቦይ ውጡና ውሃው ወደሚመጣበት ንዱ፤ መጨረሻው ግድቡ ነው። ስልክዎ ላይ የሳተላይት ካርታውን ከቤት አውርደው ይሂዱ፤ ቦዩ ከላይ ሲታይ ቀጭን ጥምዝምዝ መስመር ሆኖ በግልጽ ይለያል።

በመንገዳችሁ ላይ ክብ ቅርጽ ያላቸው ወይም ማዕዘናቸው የተድበሰበሰ ኩሬዎች ታያላችሁ። የሌሊት ውሃ ማጠራቀሚያ ናቸው። ዋናው ቦይ ሌትም ቀንም ይፈስሳል፣ ገበሬው ግን የሚያጠጣው ቀን ነው፤ የሌሊቱ ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ ያድርና ጠዋት ይለቀቃል። ውሃ ወፎች ስለሚሰፍሩባቸው ለምሳ ዕረፍት የሚመረጡ ቦታዎች ናቸው። አጥራቸው ውስጥ ግን አይገባም፤ ዳራቸው ተዳፋት ነው።

ወቅቱ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ቢሆን ይመረጣል። ያኔ ቦዩ ውሃ አለው፤ ስንዴው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱና በቆሎው በበጋ ለምልሞ ይታያል፤ መንገዱም ደረቅ ነው። በክረምት መስኖ ስለማያስፈልግ ቦዩ ባዶ ወይም ደለል የተኛበት ይሆናል። የሜጫ (የመራዊ አካባቢ) ቀይ አፈር ሲረጥብ ጎማና ሹካ መሐል ገብቶ ቸርኬውን ያቆመዋል፤ ዋልካው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በሐምሌ ይህን መንገድ የሚሞክር ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። አንድ ነገር ልጨምር፦ መስኖው ከመጀመሩ በፊት ቦዩ ይጠረጋል፤ የሚወጣው ደለልና አረም ዳር መንገዱ ላይ ይቆለላል። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከሄዱ ይህን ክምር እየዞሩ መግፋት ሊኖር ነው። ጥር ላይ ተረግጦና ተጠቅጥቆ ያገኙታል።

አሁን ባለው የክልሉ ሁኔታ ከሁሉ የሚቀድመው የመንገዱ ደኅንነት ነው። ከዋዜማው ጀምረው መራዊ ያለ የሚያምኑት ሰው ይጠይቁ፤ በዕለቱም ማለዳ መናኸሪያ ላይ ከመራዊ የመጡ ሾፌሮችን ይጠይቁ። መንገድ ተዘግቷል ወይም ያጠራጥራል ካሉ ያን ዕለት ይቅር። የእርስዎን መታወቂያና የልጅዎን የትምህርት ቤት መታወቂያ ይያዙ፤ ኬላ ላይ ያስፈልጋል። ግድቡን፣ የውሃ መዝጊያ በሮቹንና ጥበቃዎቹን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ።

መጫኑን በዝርዝር እነግርዎታለሁ፤ ብዙ ብስክሌት የሚጎዳው ቦዩ ዳር ሳይሆን መኪናው ጣሪያ ላይ ነውና። ፖርቶመጋላ ያለው ሚኒባስ ይምረጡ። ሒሳቡን ከረዳቱ ጋር ብስክሌቱ መሬት ላይ እያለ ይጨርሱ፦ የሁለት ብስክሌት ስንት፣ የሁለት ሰው ስንት። ከተጫነ በኋላ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ ለተሳፋሪው አይበጅም። የመራዊ ገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቀው ያን ቀን ይለፉት፤ ጣሪያው በኬሻና በቅርጫት ይሞላል።

ከመጫኑ በፊት ፔዳሎቹን በ15 ቁጥር መፍቻ ይፍቱ። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ዞሮ ይፈታል፤ የግራው ፔዳል ግን ጥርሱ ተቃራኒ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት ወደ ግራ የሚያዞሩ ሰዎች ጥርሱን ይጨርሱታል፤ ከዚያ ወዲያ ፔዳሉ በየመንገዱ ይወልቃል። ፔዳሎቹ በዝገት ተጣብቀው እምቢ ካሉ ቤት ውስጥ በዋዜማው ዘይት አጠጥተው ያሳድሯቸው። መሪውን አላልተው ከብስክሌቱ አካል ጋር ትይዩ ያድርጉት፤ ጥቅጥቅ ብሎ ይተኛል፣ የማንም ዕቃ አይጠለፍበትም። አቀማመጡ ሰንሰለቱና ማርሹ ያሉበት የቀኝ ጎን ወደ ላይ ሆኖ ነው። ወደ ታች ከሆነ የማርሹ መቀየሪያ በብረቱ ይመታና ይጣመማል፤ የልጅዎ ብስክሌት በዚህ ምክንያት ሰንሰለቱን ሲተፋ ሊውል ይችላል።

ለማሰር ገመድ ብቻ አይበቃም። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ገመድ ይላላል። የተሻለው ያረጀ ከመነዳሪ ነው፤ ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የመኪና የውስጥ ጎማ ይለምኑና ሦስት ጣት ስፋት ባለው ሰቅ ይቁረጡት፤ እያንዳንዱ ሰቅ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን፤ ስድስት ሰቅ ለሁለት ብስክሌት ይበቃል። ላስቲኩን ለጥጠው ሲያስሩት ንዝረቱን እየተከተለ ራሱ ይጠብቃል። በሦስት ቦታ እሰሩ፦ የፊቱን ሹካ፣ ከኮርቻው ሥር ያለውን ዘንግ፣ የኋላውን ሹካ። በቸርኬው ሽቦዎች ወይም በፍሬን ገመድ አይታሰርም፤ ሽቦው ይጎብጥና ቸርኬው ሲዞር ይወላገዳል። ሁለቱን ብስክሌቶች ስታነባብሩ በመሐላቸው ኬሻ አድርጉ። ብስክሌት ከሌላው ጭነት ሁሉ በኋላ፣ ከላይ ነው የሚጫነው፤ ለረዳቱ «ላዩ ላይ ምንም እንዳይጫን» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ መኪናው በየመንገዱ ቆሞ ዕቃ ሲጨምር ወርደው ይመልከቱ። አንድ ኬሻ ድንች ቸርኬ ለማጉበጥ ይበቃል።

ወደ ብስክሌቱ ዝግጅት። ለጥርጊያ መንገድ ጎማ በጣም አይነፋም። የልጅዎ ወፍራም ጎማ ከ35 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ የእርስዎ ቀጭኑ 50 ገደማ ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ከሆነ በየጠጠሩ ያነጥራል፤ ከዚህ በታች ሲሆን ደግሞ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ እንደ እባብ ንክሻ ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። በጎሚስታ ኮምፕረሰር ስታስነፉ በአጭር በአጭሩ ይሁን፤ ለመኪና የተሠራው ግፊት የብስክሌትን ከመነዳሪ በሁለት ሴኮንድ ሊያፈነዳው ይችላል። ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው የስፌት መኪና ዘይት በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ያድርጉና ትርፉን ይጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይቀቡ፤ ወፍራም ስለሆነ የቦዩን ዳር አቧራ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል። ፍሬኑ ላይ ችላ አይበሉ፦ እጀታው ሲጨመቅ መሪውን መንካት የለበትም።

የምትይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ብስክሌት በመጠኑ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ (የሁለታችሁ ቸርኬ ስለሚለያይ አንዱ ለሌላው አይሆንም)፣ የእጅ መንፊያ፣ መለጠፊያ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የጎማ ማውለቂያ ሁለት፣ 15 ቁጥር መፍቻ፣ ፒንሳ። ለእርስዎ ፎኒክስ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሩ። የቆዩት የቻይና ብስክሌቶች መንፊያ ቀዳዳቸው ላይ አየሩን የምታግድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለቻቸው። ይህች ላስቲክ በሙቀት ትደርቅና ትሰነጠቃለች፤ ጎማው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ሰውም ተበስቷል ብሎ ጎማውን በከንቱ ሲያወልቅ ይውላል። ስለዚህ የፎኒክሱ ጎማ ቢጎድል መጀመሪያ የመንፊያውን ጫፍ በምራቅ ያርጥቡት፤ አረፋ ከወጣ ችግሩ እሷ ናት። አራት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ላስቲክ በኪስዎ ይኑር፤ ቀይሮ መንፋት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ቀኑ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ፣ 1 ሰዓት መነሣት፣ 2 ሰዓት ግድም መራዊ። እዚያ ቁርስ ብሉ፣ ፔዳሉን ግጠሙ (የግራው ወደ ግራ ይጠብቃል)፣ መሪውን አስተካክላችሁ አጥብቁ። መሪው መጥበቁን የምታረጋግጡት የፊቱን ጎማ በሁለት ጉልበታችሁ መሐል ይዛችሁ መሪውን በማዞር ነው፤ ከተንሸራተተ ገና ነው። ከዚያ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ግድብ የሚወስደውን መንገድ ጠይቁ፤ «የቆጋ ግድብ» ካላችሁ ሕፃኑም ያሳያችኋል። ከግድቡ ሥር ቦዩን ይዛችሁ ከውሃው ጋር ውረዱ። በጥርጊያ መንገድ ከዕረፍትና ከሰላምታ ጋር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር መሄድ ጥሩ ነው፤ ቦዩን እስከ ጫፉ ለመሄድ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ለመጀመሪያ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልመክርም። የት ደረሳችሁ ሳይሆን ስንት ሰዓት ሆነ የሚለው ይወስን፦ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ ቁሙ፣ ምሳ ብሉ፣ ተመለሱ። 9 ሰዓት ተኩል መራዊ አስፋልት ላይ መገኘት አለባችሁ፤ ምሽት ሲቃረብ መኪናው ይቀንሳል፣ ጣሪያ ላይ ቦታ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ባቡር የጉዞ ሰዓት አለው፤ ሚኒባስ የለውም፤ ለዚህ ነው ሰዓቱን እናንተ የምትጠብቁለት።

አሁን በጣም የማሳስብዎት ነገር። ዋናው ቦይ ሲሞላ መነሻው ላይ በሴኮንድ እስከ 9 ሜትር ኩብ ውሃ ማሳለፍ እንዲችል የተሠራ ነው። ጎኑ ተዳፋት ኮንክሪት ነው፤ ከውሃው በታች ያለው ክፍል አረንጓዴ ሽበት ያበቅላልና እንደ ሳሙና ያዳልጣል። የገባ ሰው ዋና ቢችልም ቀጥ ብሎ መውጣት አይችልም፤ ጥፍሩ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ልጅዎ ሁልጊዜ ከቦዩ ራቅ ባለው ጎን ትንዳ፣ እርስዎ በእሷና በውሃው መሐል ይሁኑ፤ መንገዱ ሲጠብ እሷ ፊት፣ እርስዎ ኋላ። ከጠርዙ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቁ። እጅ ለመታጠብ ወይም ኮፍያ ለማውጣት ተዳፋቱ ላይ አይወረድም። ሰው ቢገባ ሌላው ተከትሎ አይግባ፤ ከመነዳሪ ሰቆቹን ቀጣጥሎ ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ በዳሩ ቀድሞ ሮጦ ይወርውርለት፣ እየጮኸም የቅርብ ገበሬ ይጥራ። የወደቀውም ከፍሰቱ ጋር እየሄደ መወጣጫ ወይም የሚጨበጥ ነገር ይፈልግ እንጂ ጉልበቱን ተዳፋቱን በመቧጠጥ አይጨርስ። ውሃው መንገድ ሥር በሚያልፍበት ቱቦና በመዝጊያ በር አጠገብ መሳቡ ስለሚበረታ እዚያ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ነው።

ውሃው አይጠጣም፤ ከማሳው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ፣ ከከብቱም እበት ይገባበታል። እግርም አይነከርበትም። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ አረም የበቀለበት የመስኖ ውሃ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ማደሪያ ነው፤ ተውሳኩ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ቁስል አያስፈልገውም። በየሰው ሦስት ሊትር ውሃ ከባሕር ዳር ወይም ከመራዊ ይዛችሁ ውጡ። ከምሳው በተጨማሪ ቆሎና ሙዝ ይበቃል፤ ጾም ከሆነ ጉልበት የሚሰጠው ዳቦና ለውዝ ነው። ኮፍያና እጀ ሙሉ ሸሚዝ አይርሱ፤ በ2,000 ሜትር ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር ፀሐዩን ያስረሳል እንጂ አያበርደውም።

መንገዱ ላይ የሚያጋጥመው ዋናው ችግር እሾህ ነው። የአካባቢው ገበሬ ማሳውን ከከብት የሚከልለው በእሾህ ቅርንጫፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ሲጎተት ስንጣሪው መንገዱ ላይ ይቀራል። አጥር ሲያዩ ከሩቁ ወርደው ብስክሌቱን ያንሡ። ጎማ ሲበሳ እሾሁን ቶሎ አይንቀሉ፤ ቀዳዳው የት እንዳለ የሚነግርዎት እሱ ነው። በመጀመሪያ በጎማው ላይ ያለበትን ከመንፊያው ቀዳዳ በስንዝር ይለኩ፣ ከዚያ ይንቀሉት፣ ከመነዳሪውን አውጥተው በዚያው ልክ ይፈልጉ። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ ሌላ እሾህ ተሰክቶ ከቀረ የለጠፉት በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይበሳል። ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው ማስቲሽ በስሱ ይቀቡና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ በጣት ሲነኩት ሳያጣብቅ ሲቀር ነው የሚለጠፈው። እርጥብ ሳለ የተለጠፈ ይነሣል፤ አብዛኛው የመንገድ ላይ ጥገና የሚበላሸው በዚህ ችኮላ ነው። ሰዓት ካጠረ ትርፉን ከመነዳሪ ገጥመው የተበሳውን ምሳ ላይ ይለጥፉ።

ሌላው መንገዱን አቋርጦ የሚቆፈር ትንሽ የውሃ መሄጃ ነው፤ ስንዴው ሲጠማ ገበሬው በመንገዱ ላይ ይቆርጠዋል፣ አንዳንዴም ቱቦ ይዘረጋበታል። በፍጥነት ከመጡ የፊት ጎማ ይወድቅበትና ሰውየው በመሪው ላይ ያልፋል። ጥላ ያለበት ቦታ፣ በተለይ በባሕር ዛፍ ሥር፣ ይህ ስለማይታይ ፍጥነት ይቀንሱ። በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ አጠገብም እንዲሁ፤ ጉቶው ሹል ነው።

መንገዱ ለመዝናኛ የተሠራ አይደለም። የጥገና መኪና፣ የመዝጊያ በር የሚከፍቱ ሠራተኞች፣ ከብት፣ ጭነት የያዘች አህያ ሁሉ ቀዳሚ ናቸው፤ ወርዳችሁ አሳልፉ። የከብት መንጋን ደወል እየደወሉ አይሰነጥቁ፤ የደነገጠ ጥጃ ማምለጫ የሚያደርገው ወደ ቦዩ ነው። ማሳ ላይ የሚሠራ ሰው ሲያልፉ «እግዜር ያበርታችሁ» ይበሉ፤ ልጅዎም ትበል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰው ወይም የውሃ አባት (ውሃውን ለገበሬዎች የሚያከፋፍል ሰው) ካገኛችሁ ከየት እንደመጣችሁ፣ የት እንደምትደርሱ ነግራችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ የትኛው ክፍል ዛሬ እንደተዘጋ፣ የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅዎ ጎበዝ ከሆነች ውሃው ከቆጋ ወጥቶ የት እንደሚሄድ ትጠይቀው፦ ማሳው ያልጠጣው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከግልገል ዓባይ ጣና፣ ከጣና ደግሞ እናንተ ከተማ አጠገብ ወደሚወጣው ዓባይ።

ሌላ ቦይስ ለሚሉ፦ የጢስ ዓባዩ ለኃይል ማመንጫ የሚሄድ ስለሆነ ዳሩ የሚነዳበት አይደለም። ፍኖተ ሰላም አጠገብ ያለው የገራይ መስኖ አነስተኛ ነው፤ ከባሕር ዳር ለአንድ ቀን ይርቃል።

መራዊ ስትመለሱ ፔዳል ከመፍታታችሁ በፊት መኪናውን ያዙ፤ ለሁለት ብስክሌት ጣሪያው እንደማይበቃ የሚታወቀው ዕቃው ሲደረደር ነው። አንድ ብቻ ቦታ ካለ ተለያይታችሁ አትሳፈሩ፤ ቀጣዩን ጠብቁ። የልጅዎ ብስክሌት ማርሽ ስላለው ከላይ ይሁን፣ ፎኒክሱ ከታች፤ ባሕር ዳር ስትደርሱም ረዳቱ ፈትቶ እንዳይወረውረው እርስዎ ከታች ሆነው በእጅዎ ይቀበሉት።